«የጭንቀት ጂን» አለብኝ ወይ?

«እኔ እንደሆነ ጭንቀታም ነኝ፤ በዘር ነው የመጣብኝ።» ይህን ሰው ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። የሚናገሩት ሰዎች ከልባቸው ነው። እናት እንቅልፍ አልነበራትም። አያት በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። አሁን ተራው የእነሱ ሆኗል። ከዚያ አንድ ቀን ስልካቸው ላይ «የጭንቀት ጂን» የሚል ርዕስ ያያሉ። ልባቸው ሲጠረጥር የኖረውን ነገር ሳይንስ ያረጋገጠላቸው ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ስለዚያ ጂን በደንብ እንነጋገር። ጂኑ በእርግጥ አለ። ሲአርኤች ይባላል። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ የሚሰጠውን ምላሽ የሚያስነሳው ሆርሞን የሚሠራው ከእሱ ነው፤ ሆርሞኑም በዚሁ ስም ይጠራል። «አለብኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ አጭር ነው። አዎ፣ አለባችሁ። እኔም አለብኝ። ምንም ነገር የማያስደነግጠው ወዳጃችሁም አለበት። አይጥም አላት። እንዲያውም ሆርሞኑ በሰውና በአይጥ ፍጹም አንድ ነው፤ የተሠራባቸው 41 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸው ቅንጣቶች፣ አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ከበግ ጋር ስንተያይ ልዩነቱ 7 ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ተፈጥሮ ይህን ያህል ዘመን ሳትነካ ያቆየችው ነገር ብልሽት ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው መቀየር ያለበት። ጂኑ አለ ወይስ የለም የሚለው የትም አያደርሰንም። መጠየቅ ያለበት መቼ ይነበባል፣ የት ይነበባል፣ ማንስ ያስቆመዋል የሚለው ነው። ጂን ይነበባል ስንል ሕዋሱ በጂኑ ትእዛዝ ሆርሞኑን ይሠራል ማለታችን ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። ሌሊት ነው፣ ተኝታችኋል እንበል። ድንገት አንድ ነገር ጓ ብሎ ይወድቃል። ልብ ድው ድው ይላል፣ እጅ ያልባል፣ ዓይን ይፈጣል። ይህ የአድሬናሊን ሥራ ነው። ትእዛዙ በነርቭ በኩል ስለሚመጣ በሰከንዶች ውስጥ ይደርሳል። ሲአርኤች የሚመራው ምላሽ ግን ዝግ ይላል። ሲመጣ ደግሞ ይቆያል።

ከአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ረሃብን፣ ጥማትን፣ የሰውነት ሙቀትን የሚቆጣጠር ነው። እዚያ ያሉ ጥቂት የነርቭ ሕዋሳት የአደጋው ወሬ ሲደርሳቸው ሲአርኤችን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ሩቅ አይሄድም። በቀጫጭን የደም ሥሮች ወርዶ ከሥር የተንጠለጠለችውን ፒቱታሪ ዕጢ ያገኛታል። አተር የምታህል ናት። እሷ ኤሲቲኤች የሚባል ሌላ ሆርሞን ወደ ደም ትለቃለች። ኤሲቲኤች ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ዘንድ ይደርሳል። ከእነሱ ደግሞ ኮርቲሶል ይወጣል። የኮርቲሶል መጠን ደም ውስጥ ከፍተኛ የሚሆነው ድንጋጤው ከተነሳ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። የወደቀው ድስት መሆኑን አውቀን ተመልሰን ከተኛን በኋላ ማለት ነው።

ኮርቲሶል ሰሞኑን ስሙ ጠፍቷል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ኮርቲሶልህን አውርድ» የማይል የለም። ፊቱ ያበጠ ሁሉ፣ እንቅልፍ ያጣ ሁሉ የኮርቲሶል በሽተኛ ተደርጓል። እኔ ግን ለዚህ ሆርሞን መከራከር እፈልጋለሁ። ደም ውስጥ ስኳር እንዲኖር የሚያደርገው እሱ ነው። የደም ግፊት እንዳይወድቅ ይይዛል። የሰውነት መከላከያ ከልክ አልፎ ራሱን እንዳይጎዳ ይገታል። ጠዋት ከአልጋ የምንነሳው በእሱ ኃይል ጭምር ነው፤ መጠኑ ንጋት ላይ ይወጣል፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይወርዳል። አድሬናል ዕጢው የተበላሸበትና ኮርቲሶል መሥራት ያቃተው ሰው፣ መድኃኒት ካላገኘ፣ ሌላው በሦስት ቀን የሚድንበት ተራ ትኩሳት ሊገድለው ይችላል።

ወደ ሆርሞኑ ታሪክ ልሂድ። ሃንስ ሴልዬ የተባለ ተመራማሪ በ1936 ናቸር መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ በመርዝ ሲያስጨንቃቸው ሰውነታቸው የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን አየ። አድሬናል ዕጢያቸው ያብጣል፣ ጨጓራቸው ይቆስላል። ታዲያ አንጎል ይህን ሁሉ የሚያዘው በምንድን ነው? እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ አንጎልና ፒቱታሪ የሚነጋገሩት በደም ሥር በሚወርድ ኬሚካል ነው አለ። በ1955 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ሂውስተን፣ ሌላው ሞንትሪያል፣ ያ ኬሚካል በእርግጥ እንዳለ አሳዩ። ሮዤ ጊልማን እና አንድሩ ሻሊ የዚህ ፉክክር ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም በ1977 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የሚገርመው ግን የተሸለሙት በሌሎች የሃይፖታላመስ ሆርሞኖች ነው። መጀመሪያ ሲያሳድዱት የነበረው የጭንቀቱ ሆርሞን አምልጧቸው ነበር።

በመጨረሻ የያዘው ዋይሊ ቬል ነው፤ የጊልማን ተማሪ የነበረ ሰው። ከሳልክ ኢንስቲትዩት ባልደረቦቹ ጋር ወደ 490,000 ከሚጠጋ የበግ ሃይፖታላመስ ጀምሮ፣ እያጣራ እያጣራ፣ ጥቂት ንጹሕ ሆርሞን አገኘ። ውጤቱ በ1981 ታተመ። ሆርሞኑ እንዳለ ከታወቀ 26 ዓመት አልፎ ነበር። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። በአንድ በግ አንጎል ውስጥ ያለው መጠን ይህን ያህል ትንሽ ነው። ያ ትንሽ ነገር ግን ሙሉ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል።

የሆርሞኑ ቅደም ተከተል ከታወቀ በኋላ ጂኑን ማግኘት ጊዜ አልወሰደም። በ1983 ጃፓን፣ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የሰውን ጂን ቅደም ተከተል አወቁ። የሚገኘው 8ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ትንሽ ጂን ነው። መጀመሪያ 196 አሚኖ አሲድ ያለው ረዘም ያለ ፕሮቲን ይሠራል፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያሉት 41ዱ ተቆርጠው ሆርሞኑ ይሆናሉ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከጂኑ ፊት ያለው የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው። እሱ ራሱ ወደ ሆርሞን አይለወጥም። ጂኑ ይነበብ ወይስ ዝም ይበል የሚለው የሚወሰነው ግን እዚያ ነው። ሃይፖታላመስ ውስጥ ኮርቲሶል ሲበዛ፣ ኮርቲሶሉ ከተቀባዩ፣ ማለትም ሕዋሱ ውስጥ ከሚያርፍበት ፕሮቲን፣ ጋር ሆኖ ይህን ቦታ ይጫንና የጂኑን ንባብ ይቀንሳል። ሲአርኤች ኮርቲሶልን ያስነሳል፣ ኮርቲሶል ሲአርኤችን ያስቆማል። ጤነኛ ሰው ደንግጦ መልሶ የሚረጋጋው በዚህ ነው።

ይኸው ጂን ሌላ ቦታ ሲሆን ግን ጠባዩ ይለወጣል። ፍርሃትን በሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ በሚባለው፣ ኮርቲሶል የሲአርኤችን ንባብ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። አንዱን ጂን ያው አንድ ሆርሞን አንድ ቦታ ዝም ያሰኘዋል፣ ሌላ ቦታ ይቀሰቅሰዋል። ታዲያ ይህ ጂን «አለበት» ወይም «የለበትም» ተብሎ በአንድ ቃል እንዴት ይጠቃለላል?

ከሁሉ የበለጠ የሚያስገርመኝ የእንግዴ ልጅ ጉዳይ ነው። የእንግዴ ልጅም ሲአርኤች ይሠራል። ይህ በሰውና በቅርብ ዘመዶቹ በጦጣና በዝንጀሮ ወገኖች የሚታይ ነገር ነው፤ አይጥ ላይ የለም። እዚያም ኮርቲሶል ጂኑን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ማቆሚያ የለውም ማለት ይቻላል። እርግዝናው በገፋ ቁጥር የእናትየው ደም ውስጥ ሲአርኤች እየጨመረ ይሄዳል። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ሽቅብ ይተኮሳል። መጀመሪያ ላይ ሆርሞኑን የሚይዝ ልዩ ፕሮቲን ደም ውስጥ ስላለ ብዙ ጉዳት አያደርስም። መውለጃው ሲቃረብ የዚያ ፕሮቲን መጠን ይወርዳል።

በ1995 ሮጀር ስሚዝ የሚመሩት የአውስትራሊያ ቡድን ነፍሰ ጡር ሴቶችን ከመሀል እርግዝና ጀምሮ ተከታተለ። ያለ ጊዜያቸው የወለዱት ሴቶች ሲአርኤች ቀደም ብሎ ከፍ ያለ ነበር። ጊዜው አልፎባቸው የወለዱት ደግሞ ዝቅ ያለ ነበር። ተመራማሪዎቹ የእንግዴ ልጅ ሰዓት ብለው ጠሩት። የእርግዝናን ርዝመት የሚለካ ሰዓት መሆኑ ነው። ይህ ማለት ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ተጨነቀች ብሎ ልጇ ያለ ጊዜው ይወለዳል ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር የፈለግኩት፣ ያለ ጊዜያቸው የወለዱ እናቶች «ተጨንቀሽ ነው» ተብለው ሲወቀሱ ስለማይ ነው። ያለ ጊዜ መውለድ ብዙ ምክንያት አለው። ከነዚህ ውስጥ አንዱን መርጦ እናትየው ላይ መጫን ግፍ ነው።

ጂኑ ሲነካ ምን ይሆናል? ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች ወደ አይጥ ሄዱ። በ1992 ሲአርኤች ከመጠን በላይ የሚሠሩ አይጦች ተፈጠሩ። ወፈሩ፣ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ቆዳቸው ሳሳ፣ ፈሪም ሆኑ። በ1995 ደግሞ ጂኑ ጨርሶ የሌላቸው አይጦች ተገኙ። ራሳቸው አድገው ኖሩ። ነገር ግን ጂኑ ከሌላት እናት የተወለዱ፣ እነሱም ጂኑ የሌላቸው ልጆች፣ ሳንባቸው ስላልበሰለ በመጀመሪያው ቀን ሞቱ። እናትየዋ በእርግዝናዋ መጨረሻ የኮርቲሶል ዓይነት መድኃኒት ስትወስድ ግን ተረፉ። የጭንቀት ጂን የምንለው ነገር ለአዲስ ሕይወት የመጀመሪያ ትንፋሽም ያስፈልጋል ማለት ነው።

ሌላው ነገር ያልተጠበቀ ነበር። ሲአርኤች የሌላቸው አይጦች ፈሩ። ሲያስፈራሯቸው እንደማንኛውም አይጥ ደርቀው ይቀሩ ነበር። ሆርሞኑን ማጣት ፍርሃትን አላጠፋም። በ1998 ግን ሆርሞኑ የሚያርፍበት ዋና ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ሲፈተኑ ድፍረት አሳዩ። ምክንያቱ አንዱ ሲአርኤች ብቻውን አለመሆኑ ነው። ዩሮኮርቲን የሚባሉ ሦስት ዘመዶች አሉት። ከእነሱ የመጀመሪያው በዚያው ተቀባይ ይሠራል። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ቦታውን ሊሸፍን ይችላል።

ይህ ሁሉ ለመድኃኒት ተስፋ ሰጠ። በ1984 ቻርልስ ኔመሮፍና ባልደረቦቹ ከባድ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ሲአርኤች ከፍ ብሎ እንዳገኙ ጽፈው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ሆርሞኑ ከበዛ ተቀባዩን እንዝጋው፤ ድባቴውም ይለቃል። ትልልቅ የመድኃኒት ኩባንያዎች ለዓመታት ደከሙበት። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ሙከራዎች ልብ የሚያሞቁ ነበሩ። መድኃኒቶቹ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ክኒን ጋር ሲወዳደሩ ግን አልሆነም። ለድባቴ አልሠሩም። ለከባድ የጭንቀት ሕመም አልሠሩም። ከአስከፊ አደጋ በኋላ ለሚመጣ ሕመምም አልሠሩም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አንድ ሆርሞን ጭንቀትን ማስነሳቱ፣ የታመመ ሰው ጭንቀት ሁሉ ከእሱ ነው ማለት አይደለም። ድባቴ ስንል በአንድ ስም የምንጠራቸው ብዙ የተለያዩ ሕመሞች ሊሆኑ ይችላሉ። የአንዳንዱ ሰው ሲአርኤች ከፍ ያለ ነው፣ የሌላው አይደለም። ሁሉንም በአንድ ክኒን ማከም የተሳነው ለዚህ ይመስለኛል።

ታሪኩ ግን በውድቀት አላለቀም። በታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ክሪኔሰርፎንት የሚባል መድኃኒት ፈቀደ። የሚሠራው የሲአርኤችን ተቀባይ በመዝጋት ነው። ይኸው ሞለኪውል ቀደም ብሎ ለድባቴም ተሞክሮ ነበር። የተፈቀደው ግን ለሌላ ሕመም ነው። አንዳንድ ልጆች ሲወለዱ ጀምሮ አድሬናል ዕጢያቸው ኮርቲሶል መሥራት አይችልም። ጥፋቱ 6ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለ ሌላ ጂን ነው። ኮርቲሶል ስለሌለ የሲአርኤች ፍሬን የለም። አንጎል «ሥሩ፣ ሥሩ» እያለ ያዛል። ዕጢው ኮርቲሶሉን መሥራት ስለማይችል በምትኩ የወንድ ሆርሞን ያመርታል። ልጆቹ ያለ ዕድሜያቸው ይጎለምሳሉ። ቀድሞ የነበረው አማራጭ ትእዛዙ እንዲቆም ኮርቲሶል መሰል መድኃኒት በብዛት መስጠት ነበር። ያ ደግሞ ያወፍራል፣ አጥንት ያሳሳል።

በአዲሱ መድኃኒት ሙከራ 182 ጎልማሶች ተሳተፉ። ከ24 ሳምንት በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 63 በመቶው የሚውጡትን የኮርቲሶል ምትክ ሰውነት በተፈጥሮው ወደሚያመርተው መጠን ማውረድ ቻሉ፤ የወንድ ሆርሞናቸውም ከቁጥጥር አልወጣም። ባዶ ክኒን ከወሰዱት ይህን የቻሉት 18 በመቶ ናቸው። መድኃኒቱን ያወጣውን ኩባንያ ካቋቋሙት አንዱ ያው ዋይሊ ቬል ነበር። በ2012 ስላረፈ ይህን አላየም።

ለድባቴ ያልሠራው ለዚህ ለምን ሠራ? እዚህ ችግሩ ያለው በራሱ በሲአርኤች መንገድ ላይ ስለሆነ ነው። የተበላሸው የት እንደሆነ ይታወቃል፣ መድኃኒቱም እዚያው ላይ ያርፋል።

አሁን «በዘር ነው» ወደሚለው ልመለስ። ዘር ምንም ድርሻ የለውም አልልም። አለው። ግን የሚመጣው በአንድ ጂን አይደለም። በ2014 ተመራማሪዎች የ12,597 ሰዎችን የጠዋት ኮርቲሶል ከሙሉ ዲኤንኤያቸው ጋር አነጻጸሩ። ጎልቶ የወጣው ሲአርኤች አልነበረም። 14ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ፣ ኮርቲሶልን ደም ውስጥ ተሸክሞ የሚዞር ፕሮቲን የሚሠራ ጂን ነበር። እሱም ቢሆን የሰዎችን ልዩነት ያስረዳው ከ1 በመቶ በታች ነው። በምራቅ ምርመራ «የጭንቀት ጂንዎን እንነግርዎታለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ይህን ቁጥር አስታውሱ። ገንዘባችሁን ባትሰጧቸው ደስ ይለኛል።

ኑሮ ደግሞ ጂኑ ላይ ምልክት ይተዋል። በ2010 የወጣ ጥናት፣ በጠንካራ አይጥ ደጋግመው የተደበደቡ አይጦች ከሲአርኤች ጂን ፊት ያለው ቦታ ላይ የሚገኙ ትንንሽ ኬሚካላዊ ምልክቶች እንደተነሱ አሳየ። ምልክቶቹ ጂኑን የሚያፍኑ ናቸው። ሲነሱ ጂኑ የበለጠ ይነበባል። የጂኑ የዲኤንኤ ፊደል ግን አንድም አልተቀየረም። ይህ የታየው ከተደበደቡት ሁሉ ላይ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ከሌላ አይጥ መጠጋት የፈሩት ላይ ነው። ምልክቶቹ ባሉበት የቆዩት አይጦች ያው ዱላ ደርሶባቸውም እንደ ቀድሞው ይቀርቡ ነበር። አይጥ ሰው አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ጭንቀት በፊደል ብቻ እንደማይመጣ ለማሰብ በቂ ምክንያት ይሰጠኛል። በሚፈራ ቤት ያደገ ልጅ መፍራትን ይማራል። የተማሩት ነገር ደግሞ ይለወጣል። የንግግር ሕክምና ለብዙ ሰው የሚሠራውም በዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማቆም አልፈልግም፤ ይህን ጂን ማወቅ ሕይወት የሚያተርፍበት ቦታ እዚህ ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የሚባሉ መድኃኒቶች የኮርቲሶል ምትክ ናቸው። ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለቆዳ፣ ለብዙ ነገር ይታዘዛሉ። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ሰው ለሳምንታት ሲወስዳቸው ግን አንጎል ኮርቲሶል ሞልቷል ብሎ ያስባል። የሲአርኤች ጂን ዝም ይላል። ፒቱታሪ ትተኛለች። አድሬናል ዕጢዎች ሥራ ፈትተው ይሟሽሻሉ። ከዚያ ሰውየው «አሁንማ ተሽሎኛል» ብሎ ወይም ክኒኑ አልቆበት በአንድ ቀን ያቆማል። ሰውነቱ የራሱ ኮርቲሶል የለውም። ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ይመጣል፣ ግፊት ይወርዳል። በዚያ ላይ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ከተጨመረ ሊሞት ይችላል። የተኛው መንገድ ለመንቃት ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል።

ስለዚህ ከሦስት አራት ሳምንት በላይ እነዚህን መድኃኒቶች የወሰደ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ለማቆም ሲያስብ መጀመሪያ ሐኪሙን ያናግር። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው፣ አንጎል ውስጥ ዝም ያለው ጂን እንደገና መነበብ እስኪጀምር ጊዜ ለመስጠት ነው።